የስቴሪዮ መስኮት ምንድን ነው? ባለ ጥልቀት ስላይድ የተመልካችን ዓይን ሳያደክም እንዲታይ

አንዱ ለግራ ሌላው ለቀኝ ዓይን የሆኑ ሁለት ስላይዶች (በፍሬም የተያዙ የፊልም ምስሎች) በሁለት ፕሮጀክተር አንድ ስክሪን ላይ ሲደራረቡ፣ የምስሉ ጠርዝም የራሱ ጥልቀት ይኖረዋል። የሁለቱ ጠርዞች ከተገጣጠሙ ስክሪኑ ላይ መስኮት የተከፈተ ይመስላል፤ ትዕይንቱንም በእሱ አሻግረን እናያለን። የስቴሪዮ መስኮት የሚባለው ይህ ነው።

መስኮቱ የሚወሰነው ፊልሙ ፍሬም ውስጥ ሲገባ ነው። ከሁሉ የቀረበው ነገር መስኮቱ ላይ ወይም ከኋላው መሆን አለበት። ለማረጋገጥ ያ ነገር ከፍሬሙ ግራ ጠርዝ ያለውን ርቀት በሁለቱም ስላይዶች ለኩ፤ እኩል ከሆነ መስኮቱ ላይ አርፏል። ሩቅ ነገር ግን በቀኝ ዓይን ስላይድ ላይ ከግራ ጠርዝ ይበልጥ ርቆ መገኘት አለበት። ከመስኮቱ ወደ ፊት የወጣ ነገር በጎን ጠርዝ ሲቆረጥ ሁለት ምልክቶች ይጣላሉ፦ ሁለቱ ዓይኖች በሚያዩት ምስል መካከል ያለው ልዩነት ነገሩ ቅርብ ነው ይላል፣ የሸፈነው ጠርዝ ደግሞ ከኋላ ነው ይላል። ተመልካች ምክንያቱን ባያውቅም ይረበሻል። ጠርዝ ሳይነካ የወጣ ነገር ግን ችግር የለውም፤ በላይ ወይም በታች ጠርዝ የተቆረጠም ከጎኑ ያነሰ ነው የሚረብሸው።

ዋናው የድካም ምንጭ የሩቅ ነጥቦች ስክሪን ላይ መራራቅ ነው። የአዋቂ ሰው ሁለት ዓይኖች በአማካይ 65 ሚሊሜትር ያህል ይራራቃሉ። የአንድ ሩቅ ተራራ ሁለት ምስሎች ስክሪኑ ላይ ከዚህ በላይ ከተራራቁ ዓይኖች ወደ ውጭ መከፈት ይኖርባቸዋል፤ ይህን ደግሞ በተፈጥሮ አያደርጉትም። የልጆች ዓይን የበለጠ ስለሚቀራረብ ቀድመው የሚቸገሩት እነሱ ናቸው። 36 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ምስል ላይ ቅርቡ ነገር መስኮቱ ላይ አርፎ፣ የሩቁ ነገር ቦታ በሁለቱ ስላይዶች መካከል በ1.2 ሚሊሜትር (በስፋቱ 1/30) ቢለያይ፣ 2 ሜትር ስፋት ባለው ስክሪን ላይ ወደ 67 ሚሊሜትር ያድጋል። ከ65 በጥቂቱ ብቻ ስለሚበልጥ ይህ ደህና ነው። ያው ስላይድ 4 ሜትር ስክሪን ላይ ግን 133 ሚሊሜትር ይሆናል፤ 4 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው ዓይኖቹን አንድ ዲግሪ ያህል ወደ ውጭ መክፈት ይገደዳል።

መፍትሔው ስላይዱን እንደገና ፍሬም ማድረግ አይደለም። በሩቅ ነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት ወደ 65 ሚሊሜትር እስኪወርድ ድረስ አንዱን ፕሮጀክተር ወደ ጎን አዙሩ። ያኔ ጠርዞቹ ስለሚተላለፉ መስኮቱ ከስክሪኑ ተላቆ በተመልካቹና በስክሪኑ መካከል ይንሳፈፋል፤ ትዕይንቱ ግን ከመስኮቱ ኋላ እንደሆነ ይቀጥላል። በጎኖቹ ለአንድ ዓይን ብቻ የሚታይ ጠባብ ሰቅ ይቀራል፤ እሱ አያስቸግርም።

ከፍታ ላይ ግን ምሕረት የለም። ዓይኖቻችን አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ሊያዩ የሚችሉት እጅግ በጥቂቱ ነው። ፍሬም ውስጥ የ0.2 ሚሊሜትር ስህተት 2 ሜትር ስክሪን ላይ 11 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ራስ ምታት የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ስለዚህ ከዝግጅቱ በፊት ተመሳሳይ መስመሮች የታተሙባቸው ሁለት ስላይዶች አስገቡና ለእያንዳንዱ ዓይን የራሱን ምስል ብቻ የሚያሳልፈውን መነጽር ሳታደርጉ እያያችሁ መጀመሪያ ከፍታውን፣ ቀጥሎ ዘንበል ማለቱን፣ በመጨረሻ ጎኑን አስተካክሉ። ማዕከሉ ገጥሞ ማዕዘኖቹ ካልገጠሙ የሌንሶቹ የትኩረት ርዝመት ይለያያል፣ ወይም ፕሮጀክተሮቹ ከመጠን በላይ ወደ ውስጥ ዞረዋል፤ ወደ ኋላ ማራቅና በረዥም ሌንስ ማሳየት ሁለተኛውን ይቀንሰዋል።

በፕሮጀክተሮቹ ፊት የሚደረጉት ፖላራይዝድ ማጣሪያዎች (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፉ) በ45 እና በ135 ዲግሪ ይቁሙ፣ ከመነጽሮቹም ጋር ይግጠሙ። ስክሪኑ የብር ቀለም ያለው ይሁን፤ ተራ ነጭ ስክሪን ፖላራይዜሽኑን ስለሚያጠፋው እያንዳንዱ ዓይን የሌላውን ምስል ያያል። ማጣሪያ ብዙ ብርሃን ስለሚበላ አዳራሹ ጨለማ መሆን አለበት። የካርቶን ፍሬም ውስጥ ያለ ፊልም በመብራቱ ሙቀት ስለሚጎብጥ አንዱ ስላይድ ከፎከስ ሲወጣ ሌላው ይቀራል፤ በመስታወት መካከል የተያዘ ፊልም ይህ አይገጥመውም።