የጃቫስክሪፕት ኤረር ምንድን ነው? ዓይነቱስ በምን ይለያል?

ጃቫስክሪፕት ድረ ገጽ የሚሠራበት የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ኤረር ማለት ብራውዘሩ የጻፋችሁትን ኮድ ማንበብ ወይም ማስኬድ ሲያቅተው የሚሰጠው መልእክት ነው። ኮንሶሉ (ብራውዘሩ ለኮድ ጸሐፊው መልእክት የሚያሳይበት መስኮት) ላይ በቀይ ይወጣል። ጀማሪ ቀዩን ሲያይ ይደነግጥና ሳያነበው ስክሪንሾት አንስቶ ለጓደኛው ይልካል። አብሽር! መጀመሪያ ላይ ያለው ስም ብቻውን ብዙ ይናገራል።

ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ኮዱ የት ድረስ ሄደ?

ጭራሽ ካልጀመረ ሲንታክስ ኤረር ነው። ቅንፍ ሳይዘጋ ቀርቷል፣ ጥቅስ ጎድሏል። ጃቫስክሪፕት ፋይሉን ከማስኬዱ በፊት ሙሉውን ያነበዋል። ስለዚህ ጥፋቱ 90ኛው መስመር ላይ ቢሆንም የዚያ ፋይል 1ኛ መስመርም አይሠራም። በአማርኛ ኪቦርድ ለምንጽፍ ሰዎች ደግሞ የራሳችን ወጥመድ አለ። በሴሚኮለን ቦታ ድርብ ሰረዝ (፤) ሾልካ ከገባች ያልተጠበቀ ምልክት አገኘሁ ብሎ ይቆማል። «፭» ብላችሁ መደመርም አይሆንም፤ የሚያውቀው 5ን ነው።

ጀምሮ መሀል ላይ ከቆመስ? ስሙን እዩ። ሪፈረንስ ኤረር ካለ የማያውቀውን ስም ጠርታችሁበታል። የቫሪያብል (ዋጋ የምናስቀምጥበት ዕቃ) ስም በፊደላችን መጻፍ ይፈቀዳል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ግን ከላይ «ሒሳብ» ብላችሁ ፈጥራችሁ ታች «ሂሳብ» ብትሉ አለቀ። እኛ ሁለቱንም አንድ አድርገን እናነባለን፣ ለማሽኑ ሐ እና ሀ አይተዋወቁም።

ታይፕ ኤረር ላይ ስሙ አለ፤ ውስጡ ያለው ነገር ግን ለታዘዘው ሥራ አይሆንም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያንገላታን ይሄኛው ነው። ከደሴ መናኸሪያ ወደ ኮምቦልቻ ለሚወጡ ሚኒባሶች የተሳፋሪ መመዝገቢያ ሠራችሁ እንበል። ተሳፋሪውን በስልክ ቁጥሩ ትፈልጋላችሁ፣ ከዚያ ስሙን ታሳያላችሁ። ቁጥሩ መዝገቡ ውስጥ ከሌለ ፍለጋው «አንዲፋይንድ» (ምንም የለም እንደማለት) ይመልሳል። ከሌለ ሰው ላይ ስም አንብብ ስትሉት ይቆማል። መልእክቱ የሚጠቁማችሁ ስሙን ያነበባችሁበትን መስመር ነው። ብዙ ሰው እዚያው መስመር ላይ ሲታገል ይውላል። ጥፋቱ ግን ከላይ ነው፦ ሰውዬው ባይገኝስ ብላችሁ አልጠየቃችሁም።

ሬንጅ ኤረር ብዙ አይገጥምም። ክሮም ላይ የምታዩት በአብዛኛው አንድ ፋንክሽን (ስም ተሰጥቶት የሚጠራ የኮድ ክፍል) ማቆሚያ ሳይበጅለት ራሱን ሲጠራ ሲጠራ ነው።

እኔ የምፈራው ቀይ የማያወጣውን ነው። መልእክት ባይኖረውም ሎጂክ ኤረር ይባላል። ኮዱ እስከ መጨረሻው ይሄዳል፣ ኮንሶሉ ንጹሕ ነው፣ መልሱ ግን ውሸት። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። «ዛሬ ገበያ አለ ወይ?» የሚል ትንሽ ገጽ ሠርታችሁ፣ ሳምንት ከሰኞ ይጀምራል ብላችሁ 0ን ሰኞ አደረጋችሁት። ጃቫስክሪፕት 0 የሚለው እሑድን ነው፤ ሰኞ 1 ነው። ገጻችሁ ነጋዴውን በእሑድ ባቲ ያወርደዋል።

የሚኒባሱ ሒሳብም እንዲሁ ነው። ታሪፉ 50 ብር፣ የዕቃው 10 ብር ቢሆንና ሁለቱንም ከመሙያ ሳጥን ብትቀበሉ፣ ድምሩ 60 ሳይሆን 5010 ይመጣል። ከሳጥን የሚመጣ ነገር ጽሑፍ ነውና የመደመር ምልክቱ (+) ሁለቱን ጎን ለጎን ያያይዛቸዋል። ቋንቋው እ.ኤ.አ. በ1995 ብሬንደን አይክ በ10 ቀን ገደማ ከሠራው ጊዜ ጀምሮ ጽሑፍ ሲደመር ዝም ብሎ ያያይዛል። እውነቱን ለመናገር፣ እዚህ ላይ ቢጮህ ይሻል ነበር።

እንዲህ ያለውን ጥፋት የምታገኙት ውጤቱን አስቀድማችሁ በእጅ አስልታችሁ፣ ከዚያ በየደረጃው ያለውን በኮንሶል ሎግ (ኮንሶሉ ላይ በሚጽፈው ትእዛዝ) እያሳተማችሁ ነው። የ5010ን ችግር የሚፈታው ሁለቱንም ከመደመራቸው በፊት ወደ ቁጥር መቀየር ነው። የባቲውን ገጽ ደግሞ ሰኞ ብቻ አትፈትኑት፤ እሑድም ማክሰኞም ክፈቱት።