የደርሃም ሻሬት፦ የ1971 የትምህርት ቤቶች ጉባኤ

የደርሃም ሻሬት በአሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ በደርሃም ከተማ በጁላይ 1971 ስለ ትምህርት ቤቶች የዘር መቀላቀል ለአስር ቀናት የተካሄደ የሕዝብ ምክክር ነው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሻሬት ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ሲሆን፣ ችግሩ የሚነካቸው ወገኖች ሁሉ መፍትሔ እስኪያገኙ ድረስ አብረው የሚመክሩበትን ጉባኤ ያመለክታል።

ደርሃም የትምባሆና የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ነበረች። በ1898 የተመሠረተው የሰሜን ካሮላይና ሚውቹዋል የሕይወት መድን ኩባንያ የጥቁር ነጋዴዎቿን ስም አስጠርቷል፤ ሄይቲ የተባለው የጥቁሮች ሰፈር ግን ለአውራ ጎዳና ሲባል ፈርሷል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በትምህርት ቤት የዘር መለያየትን በ1954 ቢከለክልም፣ የከተማዋን ትምህርት ቤቶች ለማቀላቀል በ1970 ሌላ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አስፈልጓል።

የጉባኤው ወጪ በግዛቲቱ የሠራተኛ ማኅበራት ኅብረት በኩል ከፌዴራል መንግሥት ተገኘ። አስተባባሪው ቢል ሪዲክ ለዘብተኞችን ሰብሳቢ አድርገው ቢሾሙ ይቀላቸው ነበር። እሳቸው ግን የከተማዋን ሁለት ጽንፎች በእኩል ሊቀመንበርነት አስቀመጡ፤ የጉባኤው ታላቅነትም ከዚህ ይጀምራል። አንደኛዋ ለድሆች መኖሪያ ቤት የሚታገሉት ጥቁር አሜሪካዊት አን አትዋተር፣ ሁለተኛው የነጮችን የበላይነት የሚያራምደው የኩ ክሉክስ ክላን (ክላን) ድርጅት የደርሃም ቅርንጫፍ መሪ ሲ. ፒ. ኤሊስ ነበሩ። አትዋተር ከዚያ ቀደም በአንድ ስብሰባ ላይ ቢላዋ አውጥተው ኤሊስን ሊወጉ ሲሉ ቄሳቸው እንደያዟቸው ራሳቸው ተናግረዋል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁለቱ እምብዛም አይነጋገሩም ነበር። ኤሊስ የክላንን ዕቃዎች በጉባኤው ስፍራ ለእይታ ደረደሩ፤ ጥቁር ወጣቶች ሊያፈርሱት ሲመጡ የተከላከሉት አትዋተር ናቸው። መዝሙር ሲዘመር ኤሊስ ምቱን ስተው ሲያጨበጭቡ፣ አትዋተር እጃቸውን ይዘው አስተካከሉላቸው። አንድ ቀን ብቻቸውን ተቀምጠው ስለ ልጆቻቸው አወሩ። በወላጆቻቸው ምክንያት የሁለቱም ልጆች በትምህርት ቤት ይዋረዱ ኖሯል። ሁለቱም ድሆች፣ ሁለቱም በገዛ ወገናቸው የተወቀሱ ነበሩ፤ አብረው አለቀሱ። በዘር ጉዳይ ገና አልተስማሙም፤ የተገናኙት በልጆቻቸው ነው።

በመዝጊያው ምሽት ኤሊስ የክላን አባልነት ካርዳቸውን በሕዝብ ፊት ቀደዱ። የጉባኤው ምክረ ሐሳቦች ለትምህርት ቦርዱ ቀረቡ። በትምህርት ቤቶቹ ላይ ያመጡት ለውጥ ምን ያህል እንደሆነ አከራካሪ ሊሆን ይችላል፤ የከተማውና የአውራጃው ትምህርት ቤቶች የተዋሃዱት በ1992 ነው።

ወዳጅነታቸው ኤሊስ በ2005 እስኪያርፉ ዘለቀ፤ አትዋተርም በቀብራቸው ላይ ተናገሩ፣ በ2016 አረፉ። ኤሊስ የቀድሞ ጓደኞቻቸው ቢያገሏቸውም፣ አብዛኞቹ አባላቱ ጥቁር በሆኑበት የሠራተኛ ማኅበር ተመርጠው ለዓመታት አገለገሉ። ከሁሉ አብልጠው የሚኮሩትም፣ ደመወዛቸው አነስተኛ የሆነ ጥቁር ሴት ሠራተኞች የማርቲን ሉተር ኪንግን ልደት ክፍያ ሳይቀነስባቸው እንዲያከብሩ ባስገኙት ስምምነት ነበር።