የአረር ቅባት

የአረር ቅባት ከእርሳስ በተቀረጸ አረር ላይ የሚቀባ የሰም፣ የሞራና የዘይት ቅልቅል ነው። በልማዳችን «ጥይት» ስንል ቀለሁን፣ ባሩዱንና ከፊት የተሰካውን እርሳስ አንድ ላይ ማለታችን ነው። እዚህ የሚነገረው ግን ከአፈሙዙ ወጥቶ ስለሚሄደው፣ የጥንቶቹ «አረር» ስለሚሉት ቁራጭ ብቻ ነው። ዛሬ አብዛኛው አረር መዳብ ቀመስ ልባስ ስላለው ቅባት አያስፈልገውም። እርሳስ አቅልጠው አረራቸውን ራሳቸው የሚቀርጹ ሰዎች ግን፣ በተለይ በአሜሪካ፣ ቅባቱንም በቤታቸው ይሠራሉ።

የቅባቱ አስፈላጊነት ከእርሳስ ልስላሴ ይጀምራል። በጠመንጃ በርሜል ውስጥ አረሩን የሚያሽከረክሩ ጠመዝማዛ ቦዮች አሉ። አረሩ በእነዚህ እየተቦረሸ ሲያልፍ፣ ከኋላው ደግሞ የጋለ ጋዝ ሲገፋው፣ እርሳሱ በብረቱ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚተኮሰው ሁሉ ዒላማውን ይስታል፤ በርሜሉን ማጽዳቱም የግማሽ ቀን ሥራ ይሆናል። በጥቁር ባሩድ ዘመን ሌላም ጣጣ ነበር። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጋዝ ሳይሆን ደረቅ ቅሪት ሆኖ ይቀራል፤ ይህ ጥላሸት በርሜሉ ውስጥ ሲጠጥር ከአፈሙዝ የሚጎረስ ጠመንጃ ቀጣዩን አረር አልቀበልም ይላል። ቅባቱ ጥላሸቱን ያለሰልሰዋል።

ፈረንሳዊው መኮንን ክሎድ ኤትየን ሚኒዬ በ1840ዎቹ መጨረሻ (እዚህ ያሉት ቀንና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው ሾጣጣ አረር በወገቡ ዙሪያ ቦዮች ነበሩት፤ ቅባቱ የሚታቆረውም እዚያ ነው። እንግሊዞች በዚሁ መንገድ የ1853ቱን የኤንፊልድ ጠመንጃ ሠሩ። ባሩዱና አረሩ በወረቀት ተጠቅልለው፣ የአረሩ ጫፍ በቅባት ተነክሮ ለወታደር ይታደል ነበር። ወታደሩ ወረቀቱን በጥርሱ ቀድዶ ባሩዱን ያፈስሳል። በ1857 መጀመሪያ ሕንድ ውስጥ፣ ካልካታ አጠገብ ባለችው ዱም ዱም፣ ለእንግሊዞች በሚያገለግሉ ሕንዳውያን ወታደሮች መካከል ቅባቱ ከላምና ከአሳማ ስብ የተሠራ ነው የሚል ወሬ ተነሣ። ላም ለሂንዱው ቅዱስ፣ አሳማ ለሙስሊሙ እርም ነው። ባለሥልጣናቱ ወታደሩ ሰምና ቅቤም ቢሆን የፈለገውን ራሱ ገዝቶ ይቀባ ብለው ፈቀዱ፤ ወሬው ግን ቀድሟቸው ሄዷል። በሚያዝያ ወር በሰሜን ሕንድ በምትገኘው ሚሩት 85 ሕንዳውያን ፈረሰኞች ጥይቱን አንቀበልም አሉ፤ በግንቦት 9 በሌሎች ወታደሮች ፊት በሰንሰለት ታሰሩ፤ በማግስቱ ታላቁ የሕንድ ዐመፅ ፈነዳ። የዐመፁ ምክንያት ቅባት ብቻ ነበር ማለት ስሕተት ይሆናል፤ የመሬት፣ የግብርና የንቀት ቂም ተከማችቶ ቆይቷል። ሆኖም የስብ ጉዳይ ይህን ያህል ታሪክ ውስጥ የገባበት ሌላ ጊዜ ማግኘት ይከብዳል።

ወደ እኛም አገር የደረሰው መሣሪያ ከዚሁ ቤተሰብ ነው። አያቶቻችን «ውጅግራ» ያሉት የ1874ቱ የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃ ሲሆን ስሙም የመጣው «ፉዚ ግራ» ከሚለው አጠራር ነው። በዐድዋ ዘመን በኢትዮጵያውያን እጅ በብዛት ከነበሩት መሣሪያዎች አንዱ ይኸው ነው። 25 ግራም የሚመዝነው የእርሳስ አረሩ በወረቀት የተጠቀለለ ነበር፤ ቅባቱም በአረሩና በባሩዱ መካከል ይገባል።

በ1886 ፈረንሳዮች ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩስ ጠመንጃ ሲያወጡ ነገሩ ተለወጠ። የአረሩ ፍጥነት ጨመረ፤ ባዶ እርሳስ ያንን አይችልምና ልባስ ለበሰ፤ ሠራዊቶችም ቅባቱን ተዉት። የቀረው በሽጉጥ፣ በአደንና በውድድር ተኩስ ነው። ዛሬም ሃያ ሁለት ካሊበር የምትባለዋ ትንሽ ጥይት አረሯ ብዙ ጊዜ በላዩ ላይ ሰም የተቀባ ነው፤ ስትነካካት ጣትህ ላይ የሚቀረው እሱ ነው።

የቤት ቅባት መሠረቱ የንብ ሰም ነው። ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ በተራ ሙቀት ቅርጹን ይይዛል፤ ከእርሳስም ጋር ይጣበቃል። ብቻውን ግን በብርድ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ የሚያለሰልስ ነገር ይጨመርበታል። ታዋቂው ቅልቅል የአሜሪካ ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር ያስተዋወቀው ነው፤ ግማሹ የንብ ሰም፣ ግማሹ አሎክስ የሚባል ዝገት መከላከያ ቅባት። ከወጥ ቤት ዕቃ ብቻ የሚሠራም አለ፤ 50 በመቶ የንብ ሰም፣ 40 በመቶ የረጋ የአትክልት ዘይት፣ 10 በመቶ ፈሳሽ ዘይት። የበግ ሞራ የሚጠቀሙም አሉ፤ ነገር ግን ጨው የገባበት ስብ በርሜል ያዝጋልና አይነካም። በጥቁር ባሩድ የሚተኩስ ሰው ደግሞ ከነዳጅ የሚወጣ ቅባት ይሸሻል፤ ከጥላሸቱ ጋር ተዋሕዶ እንደ ሬንጅ ይሆንበታልና።

አሠራሩ ሻማ ከማንጠብ ብዙም አይርቅም። ሰሙ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፤ ቢግል ተቀጣጥሎ ቤት ያነዳል። ውኃ በፈላበት ድስት ውስጥ ሌላ ጣሳ ይቀመጥና እዚያ ይቀልጣል። አረሮቹ በዝርግ ሳሕን ላይ በቂጣቸው ይደረደራሉ፤ የላይኛው ቦያቸው እስኪሸፈን ቅልጡ ይፈስስባቸዋል፤ ሲረጋ አንድ በአንድ ይገፋሉ። ቅባቱም በየቦዩ ውስጥ ይቀራል። ብዙ የሚቀባ ሰው በእጅ የሚጫን፣ አረሩን በልክ እያስተካከለ ቅባቱን ወደ ቦዩ የሚገፋ መሣሪያ ይገዛል። የቀለጠ እርሳስ 327 ዲግሪ የሚደርስ፣ ብናኙና ቆሻሻውም መርዝ ስለሆነ የሰሙ ድስት ለምግብ አይመለስም፤ እጅም ሳይታጠብ እንጀራ አይቆረስም።

ቀራጮቹ ስለ ቅልቅል ሲከራከሩ ይውላሉ፤ አንዱ የበግ ሞራ፣ ሌላው ላኖሊን የሚባለውን የበግ ጠጉር ቅባት፣ ሦስተኛው ሳሙና ይጨምራል። በእኔ ግምት የክርክሩ ግማሽ ከንቱ ነው። በርሜሉ በእርሳስ የሚደፈንበት ተኳሽ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የቅባቱ ሳይሆን የአረሩ ልክ ነው። አረር ከበርሜሉ ቦይ ስፋት ከ0.025 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል መወፈር አለበት፤ ከቀጠነ ጋዙ በጎኑ ሾልኮ እርሳሱን ያቃጥለዋል፤ የትኛውም ሰም ያንን አይደፍንም። ቅባቱ በቂ መሆኑን ለማየት አፈሙዙን መመልከት ይቀላል። ከተኩስ በኋላ ጫፉ ላይ ስስ የኮከብ ቅርጽ ያለው የቅባት ክብ ከታየ፣ ቅባቱ እስከ መጨረሻው ደርሷል ማለት ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ብዙዎች ሰሙን ትተው አረራቸውን በደረቅ የቀለም ዱቄት አንከባልለው በ200 ዲግሪ አካባቢ በምድጃ ይጋግሩታል። እጅ አያቆሽሽም፤ ጭሱም ያነሰ ነው፤ በጭስ አልባ ባሩድ ለሚተኩስ ሰው ይበጃል። ጥላሸት ስለማያለሰልስ ግን በጥቁር ባሩድ የሚተኩሱት አሁንም ሰምና ሞራቸውን ይዘው ቀርተዋል።