«ሲስተሙ ገንዘብ አለ ይላል»፦ ስለ ዩኒቨርሲቲ የደመወዝ ትንበያ የሚነገሩና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ የምርምር ገንዘብ የሚያስተዳድር ፕሮፌሰርም ሆነ የትምህርት ክፍሉ ሒሳብ ያዥ በየወሩ የሚከፍቱት አንድ ሪፖርት አለ። ብዙውን ጊዜ አራት ዓምድ ነው፦ የተፈቀደ በጀት፣ እስካሁን የወጣ፣ ገና የሚከፈል ደመወዝ፣ ቀሪ። ንትርኩ የሚነሳው ከሦስተኛው ነው። ይህ ዓምድ አሁን ባሉት ሠራተኞችና ውሎች መሠረት ወደፊት ይከፈላል ተብሎ የሚጠበቀውን ደመወዝ ይይዛል። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ኢንከምብራንስ፣ ሌላው ፕሮጀክሽን ይለዋል፤ እዚህ ትንበያ እንለዋለን። አገር ቤት በመንግሥት ሒሳብ የሠራ ሰው «ግዴታ የተገባበት» ከሚለው ጋር ቢያስጠጋው ብዙ አይስትም።

«ትንበያው ላይ ያለው ገንዘብ ወጥቷል»

አልወጣም፤ ተይዟል እንጂ። በጀቱ 120,000 ዶላር፣ የወጣው 40,000፣ የሚጠበቀው ደመወዝ 60,000 ቢሆን ቀሪው 20,000 ነው። በሚቀጥለው ወር 5,000 ሲከፈል የወጣው 45,000 ይሆናል፤ ትንበያው ወደ 55,000 ይወርዳል፤ ቀሪው ግን ያው 20,000 ነው። ደመወዝ በተከፈለ ቁጥር ቀሪዎ እየቀነሰ የሚሄድ ከሆነ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ትንበያው ውስጥ ሳይገባ እየተከፈለው ነው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ስሙን መፈለግ ነው። ተቃራኒው ስህተትም አለ። ጠንቃቃው ሒሳብ ያዥ ከቀሪው ላይ የቀጣዮቹን ወራት ደመወዝ በኤክሴል ደግሞ ይቀንስና አንዱን ሰው ሁለቴ ያስባል።

«ሲስተሙ ማን እንደሚሄድና ማን እንደሚቆይ ያውቃል»

ብዙ ገንዘብ የሚያስበላው ይሄኛው ነው። ሲስተሙ የሚያነበው የሰው ኃይል ክፍል የመዘገበውን ብቻ ነው፦ የደመወዙን መጠን፣ የሥራውን መቶኛ፣ ደመወዙ ከየትኛው ሒሳብ እንደሚከፈል፣ ውሉ የሚያልቅበትን ቀን። ተመራማሪው በጥቅምት ሌላ ሥራ ማግኘቱን ቡድኑ በሙሉ ያውቃል፤ የስንብት ኬክም ተቆርጧል። ቀኑ እስካልተመዘገበ ድረስ ግን ሪፖርቱ እስከ ሰኔ ይከፍለዋል። አዲስ የተቀጠረችው ደግሞ ወረቀቷ እስኪያልቅ በትንበያው የለችም፤ ቀሪውም በእሷ ደመወዝ ልክ የተነፋ ነው።

የማብቂያ ቀን ባዶ ሲሆን የሚሆነው እንደ ሲስተሙ አሠራር ይለያያል። አንዱ እስከ በጀት ዓመቱ ማብቂያ ይቆጥራል፣ ሌላው እስከ ግራንቱ (ለምርምሩ የተሰጠው የድጋፍ ገንዘብ) ማብቂያ፣ ሌላው ጭራሽ አይቆጥርም። የራስዎ ሲስተም የቱን እንደሚያደርግ ሳይጠይቁ ሪፖርቱን ማመን አይገባም። በሰዓት የሚከፈላቸው ተማሪዎችም ቋሚ ሰዓት ስለሌላቸው ብዙ ጊዜ ትንበያ ውስጥ አይገቡም። ያልተመዘገበ የደመወዝ ጭማሪም እንደዚሁ።

የበጀት ዓመቱን ካነሳን፦ በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ከጁላይ 1 እስከ ጁን 30 ነው። ግራንቱ ዲሴምበር ላይ የሚያልቅ ሆኖ ትንበያው ጁን 30 ላይ የሚቆም ከሆነ የስድስት ወር ደመወዝ ቀሪ መስሎ ይታያል። በሜይ ወር «ገንዘብ ተርፎናል» ብሎ ማይክሮስኮፕ የሚያዝ ላብራቶሪ የሚያለቅሰው ጁላይ ላይ ነው።

«የዓመቱን ደመወዝ ለ12 ማካፈል ይበቃል»

በየሁለት ሳምንቱ የሚከፍል ዩኒቨርሲቲ በዓመት በተለምዶ 26 ጊዜ ይከፍላል። ዓመታዊ ደመወዟ 60,000 ዶላር የሆነ ሠራተኛ በአንድ ክፍያ ወደ 2,308 ታገኛለች፤ በአብዛኛው ወር 4,615 ገደማ፣ ሦስት የክፍያ ቀን በሚወድቅባቸው ሁለት ወራት ደግሞ 6,923 ገደማ ይወጣል። በእነዚያ ሁለት ወራት «ማን ነው ይህን ያህል ያወጣው?» የሚል ኢሜይል መላክ የተለመደ ነው። ማንም አላወጣም።

የፕሮፌሰሮቹ ነገር ከዚህም ይከፋል። ብዙዎቹ የሚቀጠሩት ለ9 ወር ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ግን ክፍያውን በ12 ወር ሊያከፋፍልላቸው ይችላል። የ9 ወር ደመወዙ 90,000 የሆነ ፕሮፌሰር የክረምት ክፍያው (ከ9 ወሩ ውጭ ለሠራበት ከግራንት የሚከፈለው) የሚሰላው በወር በ10,000 ነው፤ በ7,500 አይደለም። ደመወዙን ለ12 አካፍሎ ለሁለት ወር 15,000 የያዘ ሰው 5,000 ይጎድለዋል። የክረምቱ ክፍያ ራሱ ለብቻው እስኪመዘገብ ድረስ በትንበያው ላይ አይታይም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ደግሞ በመደበኛው አሠራሩ ከፍተኛ ተመራማሪዎች ከሁሉም የፋውንዴሽኑ ግራንቶች ተደምሮ በዓመት ከሁለት ወር ደመወዝ በላይ እንዳይወስዱ ይገድባል፤ ሪፖርቱ ይህን ላያስታውስዎ ይችላል።

«ሰውየው የሚያስወጣው ደመወዙን ነው»

ለአገር ቤት የመንግሥት ሠራተኛ አሠሪው በደመወዙ ላይ የሚጨምረው የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ ነው። እዚህ አሜሪካ የጤና መድን፣ ጡረታና የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ማኅበራዊ ዋስትና) ድርሻ ተደምሮ ጥቅማጥቅሙ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ለምሳሌ 30 በመቶ እንበል፦ 60,000ው 78,000 ይሆናል። በላዩ ላይ ዩኒቨርሲቲው ለሕንፃና ለአስተዳደር የሚወስደው ተዘዋዋሪ ወጪ አለ። እሱን 50 በመቶ ብንለው 117,000 ደረስን። ትንበያው ከእነዚህ ሦስት ቁጥሮች የትኛውን ነው የሚያሳየው? አንዳንዱ ሲስተም የመጀመሪያውን ብቻ፣ አንዳንዱ ሁለተኛውን፣ አንዳንዱ ሦስቱንም። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል እጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረውም።

የተማሪዎች ስሌት ሌላ ነው። በሚማሩበት ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ መደበኛ ተማሪዎች በአብዛኛው ከሶሻል ሴኩሪቲና ከሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን) ግብር ነፃ ናቸው፤ አሠሪውም በእነሱ ላይ ያንን 7.65 በመቶ አይከፍልም። ስለዚህ የዶክትሬት ተማሪን በሠራተኛ የጥቅማጥቅም ተመን ያሰበ ሰው ከሚገባው በላይ ይዟል። ለተማሪው የሚከፈለው የትምህርት ክፍያ ደግሞ በፌዴራል ግራንት ላይ ተዘዋዋሪ ወጪ ከሚሰላበት መነሻ ውጭ ነው።

ከፍተኛ ደመወዝ ላይ ደግሞ ጣሪያ አለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ግራንት በ2025 የሚቀበለው ዓመታዊ የደመወዝ ጣሪያ 225,700 ዶላር ነበር። 300,000 የሚከፈለው ሐኪም ግማሽ ጊዜውን ለግራንቱ ቢሰጥ ግራንቱ የሚሸከመው 112,850 ነው፤ የቀረው 37,150 ከሌላ ምንጭ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከትምህርት ክፍሉ፣ መምጣት አለበት። ጣሪያው በደመወዙ ክፍፍል (ከየትኛው ሒሳብ ስንት እንደሚከፈል በሚያሳየው መዝገብ) ላይ ካልተመዘገበ ትንበያው 150,000ውን ግራንቱ ላይ ይጭነዋል።

«ቀሪው ከዜሮ በታች ከወረደ ከስረናል»

የግድ አይደለም። ሠራተኞቹ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ተቆጥረው የቀጣዩ ዓመት የግራንት ገንዘብ ገና ካልተመዘገበ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ይታያል።

«ትንበያው ስህተት ከሆነ ሪፖርቱን ማረም ነው»

ሪፖርቱ የሚታረም ነገር የለውም፤ የሚታረመው ምንጩ ነው። ወደፊት የሚከፈለውን ለማስተካከል በሰው ኃይል መዝገቡ ላይ ክፍፍሉ ወይም ቀኑ ይለወጣል። ቀድሞ የተከፈለው በዚህ አይነካም፤ እሱ ወደ ትክክለኛው ሒሳብ በደመወዝ ማዛወሪያ ነው የሚሄደው። አንዳንድ ፕሮፌሰር «በበጀቱ ላይ የሥራ ጊዜዬ 20 በመቶ ተብሎ የለ? ይበቃል» ይላል። ስለ ግራንት ወጪ የወጣው የፌዴራል ደንብ፣ ክፍል 200.430፣ በዚህ አይስማማም፦ አስቀድሞ የተሠራ ግምት ለጊዜያዊ ሒሳብ ሊያገለግል ይችላል፣ ለፌዴራል ግራንት ክፍያ ማስረጃ ግን ብቻውን አይሆንም። ኋላ በእውነት ከተሠራው ሥራ ጋር ተመሳክሮ መስተካከል አለበት። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ደመወዙ ከተከፈለ 90 ቀን ያለፈውን ማዛወሪያ ያለ ጽሑፍ ማብራሪያ አይቀበሉም። «ረስቼው ነው» የሚለው ማብራሪያ ኦዲተር ፊት ሲቀርብ ምን እንደሚመስል መገመት አይከብድም።