በአሜሪካ ስለሚያረጁ ወላጆቻችን መኖሪያና እንክብካቤ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በደርግ ዘመን በስደት ወደ አሜሪካ ከመጡት ኢትዮጵያውያን አብዛኞቹ ዛሬ ጡረታ ወጥተዋል ወይም ሊወጡ ተቃርበዋል፤ ከእነርሱ በኋላ የመጡትም ብዙዎች ወላጆቻቸውን አስመጥተው አብረው ይኖራሉ። ሆኖም አቅም ሲደክም የት እንደሚኖር፣ ማን እንደሚያጥብና እንደሚያጎርስ፣ ወጪውንም ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ መነጋገር በብዙ ቤት እንደ ሟርት ይቆጠራል። ንግግር በሌለበት ደግሞ ከሰው ሰው የተላለፉ አባባሎች እንደ እውነት ይያዛሉ።

«65 ዓመት ከሞላ ሜዲኬር ሁሉንም ይከፍላል»

ከሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ እምነት ነው። ሜዲኬር የመንግሥት የሕክምና መድን እንጂ የመጦሪያ መድን አይደለም። መደበኛው ሜዲኬር የነርሲንግ ሆም (ነርሶች ያሉበት የመጦሪያ ተቋም) ወጪ የሚሸፍነው ታካሚው ቢያንስ 3 ተከታታይ ቀን ሆስፒታል ከተኛ በኋላ በየዕለቱ የነርስ ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ክትትል ሲያስፈልገው ነው፤ ይህም ቢበዛ እስከ 100 ቀን ሲሆን፣ ከ21ኛው ቀን ጀምሮ ታካሚው በየቀኑ የራሱን ድርሻ ይከፍላል። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚያመልጠው ነገር አለ፤ ሆስፒታሉ በሽተኛውን «ኦብዘርቬሽን» (ለክትትል ብቻ የቆየ) በሚል መዝግቦ ካቆየው፣ አልጋ ላይ ተኝቶ ቢያድርም ያ ሌሊት ከ3ቱ ቀን አይቆጠርም። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ቀን «በኢንፔሸንትነት (በተኝቶ ታካሚነት) ተመዝግቧል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። መታጠብ፣ መልበስ፣ መመገብና መጸዳዳት ብቻ እገዛ የሚሻ ሰው የሚኖርበትን ነርሲንግ ሆምም ሆነ አሲስትድ ሊቪንግ (በዕለት ኑሮ እገዛ የሚሰጥ መኖሪያ) ሜዲኬር አይከፍልም፤ የነርሲንግ ሆም ዋጋ ደግሞ በብዙ ስቴቶች በዓመት ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ነው።

«ቤቱን በልጄ ስም ካዞርኩት ሜዲኬድ አይነካብኝም»

የረጅም ጊዜ እንክብካቤን የሚከፍለው ሜዲኬድ የተባለው የመንግሥት ፕሮግራም ለአነስተኛ ገቢ ሰዎች ነው፤ እርሱም ገቢና ንብረት ይመረምራል። ማመልከቻ ሲገባ በአብዛኛዎቹ ስቴቶች ያለፉት 60 ወራት ይታያሉ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ በስጦታ ወይም ከዋጋ በታች የተላለፈ ንብረት ካለ ክፍያው ለተወሰነ ጊዜ ይታገዳል። ነገሩን የሚያሳዝነው፣ የትዳር ጓደኛ የሚኖርበት ቤት ብዙውን ጊዜ ለብቁነት ከሚቆጠረው ንብረት ውጭ መሆኑ ነው፤ ቤተሰቡ የሮጠው ባልተጠየቀበት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል፣ ታካሚው 55 ዓመት ከሞላው በኋላ ለተደረገለት የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ስቴቱ ያወጣውን ገንዘብ ከሟቹ ውርስ ሊጠይቅ ይችላል። ቤቱ ለልጅ ከተላለፈ ደግሞ የልጁ ፍቺና ዕዳ አብሮ ይከተለዋል። ደንቡ በየስቴቱ ስለሚለያይ፣ ፊርማ ከመቀመጡ በፊት በአረጋውያን ጉዳይ ላይ የሚሠራ ጠበቃ ማማከር ይገባል።

«ነርሲንግ ሆም የሚገባው ጧሪ የሌለው ነው»

ወላጆች ይህን የሚሉት ልጆቻቸውን ስለሚወዱና ስለሚታመኑባቸው ነው፤ ልጆቹም ከልባቸው ሊጦሩ ይፈልጋሉ። ነገር ግን ባልም ሚስትም በሁለት ፈረቃ በሚሠሩበት ቤት የመርሳት ሕመም የጀመራት እናት ከጠዋት እስከ ማታ ብቻዋን ስትውል፣ ምድጃ ለኩሳ ስትረሳ ወይም በር ከፍታ ስትወጣ፣ ፍቅር ብቻውን አይጠብቃትም። ቤት ውስጥ መጦር የተመረጠ እንደሆነ እርሱም ዝግጅት ይጠይቃል። ብዙዎቻችን የምንኖርባቸው ባለ ሦስት ፎቅ ታውንሃውሶች መኝታውንም መታጠቢያውንም ከላይ አድርገው የተሠሩ ናቸው፤ ዳሌዋ የተሰበረ እናት ደረጃውን አትወጣም፣ ዊልቸርም በቀላሉ እንዲያልፍ የበሩ ክፍተት 32 ኢንች ያህል መሆን አለበት። በብዙ ስቴቶች ሜዲኬድ በቤት ውስጥ ለሚደረግ እንክብካቤ የሚከፍልበት፣ አንዳንዴም ተንከባካቢው የቤተሰብ አባል ቢሆን ደመወዝ የሚሰጥበት ፕሮግራም አለ፤ ተራው ግን ረጅም ሊሆን ስለሚችል በጊዜ መመዝገብ ይሻላል።

ነርሲንግ ሆም ግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ ያን ጊዜ ልጆች እንደ ከዱ ሊቆጠሩ አይገባም። የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው ኋላ የተማረውን እንግሊዝኛ ትቶ ወደ አማርኛ ሊመለስ ይችላልና፣ ቦታ ሲመረጥ አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ መኖሩን፣ የጾም ምግብ እንዴት እንደሚያዝ፣ ቄስ ወይም ሼህ ሊጠይቅ መቻሉን ማጣራት ተገቢ ነው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ተቋም አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ የ12 ዓመት የልጅ ልጅ ለአያቱ የሐኪም ቃል እንዲያስተረጉም መደረግ የለበትም።

«ልጄ ስለሆነ ባንኩም ሐኪሙም ያነጋግረዋል»

ባንክ በወላጅ ስም ብቻ ያለን ሒሳብ ለልጅ አይከፍትም። የገንዘብና የሕክምና ውክልና ሁለት የተለያዩ ሰነዶች ናቸው፤ ሁለቱም የሚፈረሙት ወካዩ አእምሮው ጤነኛ ሳለ ነው። ጊዜው ካለፈ የሚቀረው መንገድ ፍርድ ቤት ሄዶ ሞግዚት ማሾም ሲሆን፣ ወራትና ብዙ ገንዘብ ይወስዳል። የገንዘቡ ውክልና ወካዩ አቅም ካጣ በኋላም እንደሚጸና በግልጽ እንዲጻፍበት ጠበቃውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ለአዲስ አበባው ቤት በኤምባሲ በኩል የተሰጠ ውክልና እዚህ ሐኪም ፊት አያገለግልም።

«ሲደክመኝ ሀገር ቤት እገባለሁ»

መልካም ምኞት ነው፤ ብዙዎችም ፈጽመውታል። የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ሰው የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታውን ኢትዮጵያ ሆኖ ማግኘት ይችላል። ኤስኤስአይ የሚባለው ለአነስተኛ ገቢ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጥ የድጎማ ገንዘብ ግን ተቀባዩ ከአሜሪካ ውጭ ለ30 ተከታታይ ቀናት ከቆየ ይቋረጣል፤ ለአንድ ክረምት ሄደው የቆዩ እናቶችና አባቶች ሲመለሱ የሚደነግጡበት ጉዳይ ይኸው ነው። ሜዲኬርም ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ውጭ ሀገር ለተደረገ ሕክምና አይከፍልም። ወርሃዊ መዋጮውን ለመቆጠብ ፓርት ቢን (የሐኪም ክፍያን የሚሸፍነውን የሜዲኬር ክፍል) ያቋረጠ ሰው ታሞ ቢመለስ፣ በአብዛኛው ከጥር 1 እስከ መጋቢት 31 (እ.ኤ.አ.) ያለውን የምዝገባ ወቅት መጠበቅ አለበት፤ ላቋረጠበት ለእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወርም መዋጮው 10 በመቶ ይጨምርበታል፣ ጭማሪውም ፓርት ቢ እስካለው ድረስ አይነሳም።