«ቀጥተኛ ያልሆነ» መስመር ሽቦው የተጣመመ ማለት አይደለም

የሚያሳስተው ስሙ ነው። «ቀጥተኛ ያልሆነ ማስተላለፊያ መስመር» የኤሌክትሪክ ሞገድን ጠርዝ የሚያሾል፣ የኢንዳክተሮች (የሽቦ ጥቅልሎች) እና የቫራክተር ዳዮዶች (እንደ ተለዋዋጭ ካፓሲተር የሚሠሩ ዳዮዶች) ሰንሰለት ነው። ቮልቴጅ ሲጨምር የዳዮዱ ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅሙ) ይቀንሳል፤ «ቀጥተኛ ያልሆነ» ያሰኘውም ይህ ነው፤ ሞገዱም ይፈጥናል። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ፊት ያለው ሚኒባስ ሲያዘግም ኋላኛው እንደሚደርስበት ሁሉ፣ የሞገዱ አናት ግርጌው ላይ ይደርስበታል፤ መውጫው ጠርዝ (ቮልቴጁ የሚጨምርበት) ቀጥ ይላል። (መውረጃው ግን ይለጠጣል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል።)

ኢንዳክተሩ 1 ማይክሮሄንሪ ሆኖ ካፓሲታንሱ ከ400 ወደ 100 ፒኮፋራድ ቢወርድ፣ የአንዱ ክፍል መዘግየት ከ20 ወደ 10 ናኖሰከንድ ይወርዳል። 10 ክፍሎች ጠርዙን ቢበዛ በ100 ናኖሰከንድ ያሳጥሩታል። ክፍል መደርደር ብቻውን ግን ከ10 ናኖሰከንድ አካባቢ በታች አያወርድም፤ ጠርዙ መርገብገብ ይጀምራል። ፒኮሰከንድ (የናኖሰከንድ ሺህኛ) የፈለገ ኢንዳክተሩንም ካፓሲታንሱንም ማሳነስ አለበት፤ በጋሊየም አርሴናይድ (ፈጣን ሴሚኮንዳክተር) ቺፕ ላይ የሚሠራውም ለዚህ ነው። ተራ የሲሊከን ዳዮድ ተገልብጦ ከተበየደ ደግሞ ሞገዱ 0.6 ቮልት ገደማ ላይ ይቆረጣል።