የጡት ወተትና የጣሳ ወተት፦ ስባቸው የት ላይ ይለያያል?

የጡት ወተት አብዛኛው ውሃ ነው። ስቡ ከመቶ ከ3 እስከ 5 ገደማ ቢሆን ነው። ሕፃኑ ከወተቱ ከሚያገኘው ኃይል ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ግን ከዚችው ጥቂት ስብ ነው።

በመጠን ከሆነ ሁለቱ ወተቶች ይቀራረባሉ። ዓለም አቀፉ የኮዴክስ የምግብ መስፈርት ፎርሙላ (የጣሳው ወተት) በ100 ኪሎ ካሎሪ ከ4.4 እስከ 6 ግራም ስብ እንዲኖረው ያዛል። የጡት ወተት ግን ልጁ በአንድ ጊዜ ሲጠባ እንኳ አንድ ዓይነት አይደለም። መጀመሪያ ላይ ቀጠን ይላል፤ ጡቱ እየጎደለ ሲሄድ ስቡ ይጨምራል። ፎርሙላ ከመጀመሪያው ጉንጭ እስከ መጨረሻው ያው ነው። ጣሳው ተወደደ ብሎ ውሃ ማብዛት ግን አደገኛ ነው። ስቡም አብሮ ይቀጥናል፤ ልጁ ሆዱ ሞልቶ ይራባል።

የጣሳውን ጀርባ ብታነቡ የፓልም፣ የኮኮናት፣ የሱፍና የአኩሪ አተር ዘይት ተደርድሮ ታገኛላችሁ። ፎርሙላ በአብዛኛው ከላም ወተት ይሠራል፤ የላም ወተቱ ስብ ግን ወጥቶ በእነዚህ ተተክቷል። ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 በአሜሪካ ክሊቭላንድ የሕፃናት ሐኪሙ ሄንሪ ገርስተንበርገር የላም ወተትን ስብ በእንስሳትና በአትክልት ቅባቶች ድብልቅ ተክተው የጡት ወተትን ስብ ለመምሰል ሞከሩ። ዘይቶቹ የሚደባለቁት ማንኛውም ዘይት ለብቻው የጡት ወተትን ስለማይመስል ነው።

ዋናው ልዩነት ያለው ግን አቀማመጡ ላይ ነው። አንድ የስብ ሞለኪውል ሦስት ፋቲ አሲዶችን (ስቡ የሚሠራባቸውን ክፍሎች) ይሸከማል፤ ሁለቱን ዳርና ዳር፣ አንዱን መሀል። በጡት ወተት ፓልሚቲክ የሚባለው አሲድ በብዛት መሀል ይቀመጣል። በፓልም ዘይት ደግሞ በብዛት ዳር ላይ ነው። የሕፃኑ አንጀት ቀድሞ የሚቆርጠው ዳር ዳሩን ነው። ተቆርጦ የወጣው ፓልሚቲክ ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ እንደ ሳሙና ይሆንና ከሰገራ ጋር ይወጣል። ሰገራው ይጠነክራል፤ ካልሲየሙም ይባክናል። አንዳንድ አምራቾች ዛሬ በኢንዛይም ቦታውን አስተካክለው ፓልሚቲኩን ወደ መሀል ይመልሳሉ። ጥሩ ሥራ ነው፤ በሁሉም ጣሳ ውስጥ ግን የለም።

ታልቦ ፍሪጅ ውስጥ ያደረ የጡት ወተት ላዩ ላይ ክሬም ያሰፍራል። አልተበላሸም፤ በቀስታ ወዝወዝ ሲያደርጉት ይመለሳል። የስቡ ጠብታዎች ትልልቅ ስለሆኑ ነው የሚንሳፈፉት። እያንዳንዷ ጠብታ ኮሌስትሮልና ሌሎች ቅባቶች ያሉበት ስስ ሽፋን አላት። የፎርሙላ ጠብታዎች በፋብሪካ በጣም ደቀው በወተት ፕሮቲን የተሸፈኑ ናቸው፤ ኮሌስትሮላቸውም እጅግ ትንሽ ነው። አሁን ከላም ወተት የተወሰደ ይህንኑ ሽፋን የሚጨምሩ ፎርሙላዎች አሉ።

ለአንጎልና ለዓይን እድገት የሚያስፈልገው፣ ዲኤችኤ የሚባል የኦሜጋ 3 ስብም አለ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በማንኛውም ፎርሙላ ውስጥ እንዲገባ ግዴታ አድርጓል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከአልጌ (ውሃ ውስጥ ከሚበቅል ዕፅ መሰል ነገር) ዘይት ነው። በጡት ወተት ውስጥ መጠኑን የሚወስነው የእናቲቱ ማዕድ ነው። ዓሣ በብዛት የማይበላበት የኢትዮጵያ ደጋ ይህን ልብ ሊለው ይገባል። ተልባ የኦሜጋ 3 ዘር አለው፤ ሰውነት ወደ ዲኤችኤ የሚቀይረው ግን ጥቂቱን ብቻ ነው። የምታጠባ እናት ዓሣ ካገኘች፣ የወተቷ ዲኤችኤ ከፍ ይላል።